ሁለት መዝገብ ያለው ነጋዴ አንድም የለውም

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ግን በጽሑፍ ያለውን የማያምኑ አነስተኛ ነጋዴዎች ጥቂት አይደሉም። አንዱ ደብተር ለግብር፣ ሌላው ለባንክ ይዘጋጃል። እውነተኛው ሒሳብ በባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ነጋዴው ለዚህ ምክንያት አያጣም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የዕለት ገቢ ግምት ሲነገር በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ቁጣ ተቀስቅሶ ሱቆች እስከ መዘጋት ደርሰው ነበር። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነን ግለሰብ ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝ አያስገድድም ነበር። ለመሆኑ መዝገብ የሌለው ሰው ግምቱ ቢበዛበት በምን ይሞግታል? የሐሰት መዝገብ የያዘውማ ጭራሹን አፉን አይከፍትም።

ከሁሉ በፊት የሚጣሰው መርህ ቀላል ነው። የንግዱ ሣጥንና የባለቤቱ ኪስ ይለያዩ ይላል። ከሣጥኑ ተወስዶ የፋሲካ በግ የተገዛበት ገንዘብ የሱቁ ወጪ አይደለም። ዕቁብም እንዲሁ ነው። መዋጮው በወጪ፣ የደረሰው ዕጣ ደግሞ በገቢ ይጻፋል። መዋጮው ግን ቁጠባ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ዕጣም ቀሪው ተከፍሎ እስኪያልቅ ዕዳ ነው። ይህን ያምታታ ነጋዴ ማትረፉንም መክሰሩንም አያውቅም። የሚያታልለውም መንግሥትን ብቻ ሳይሆን ራሱንና ትርፍ የሚጋራውን ሸሪኩን ነው።

ባንኮች የቤት ካርታ ብቻ ይጠይቃሉ የሚለው ቅሬታ እውነት አለው። ይሁንና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የሚንቀሳቀስ ንብረትም በዋስትና እንዲያዝ ፈቅዷል። የሱሉልታው ወተት አምራች ላሞቹን፣ የቡራዩው ነጋዴ የመደብር ዕቃውን ሊያስይዝ የሚችልበት በር በሕግ ተከፍቷል። አበዳሪው ግን ቁጥሩንና ዋጋውን የሚያምነው በምን አይቶ ነው?

የሒሳብ ባለሙያውም ከተጠያቂነት አያመልጥም። በሰኔ መጨረሻ ተጠርቶ ደንበኛው በነገረው ቁጥር ላይ የሚፈርም ሰው ሙያውን ሳይሆን ፊርማውን ሸጧል። አዋጅ ቁጥር 847/2006 የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ እንዲቋቋም ያደረገው በከንቱ አይደለም።

ግብር ሰብሳቢውም ለእውነተኛ መዝገብ ዋጋ መስጠት አለበት። እውነት የጻፈው ከዋሸው በላይ የሚጎዳ ከሆነ ምክር ሁሉ ከንቱ ነው። ነጋዴው በበኩሉ ሐምሌ 1 ቀን አንድ ደብተር ይክፈት፤ አንድ ብቻ።