እናትም የምታርፍበት ዕረፍት



በሌላው ዓለም ብዙ ቤተሰብ ዕረፍት ሲያስብ ጸጥ ያለ ደሴትና አሸዋማ የባሕር ዳርቻ ይመርጣል። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም። ለእኛ ለአማኑኤልና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች ግን ጣና አለልን፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ ከ30 በላይ ደሴቶች ያሉት ሐይቅ። በደምበጫ፣ በቡሬና በእንጅባራ አልፎ ባሕር ዳር የሚያደርሰውም መንገድ የምናውቀው ነው።

«ይህ የሀብታም ቅንጦት ነው» የሚሉ አይጠፉም። ተበድሮ መዝናናት በእርግጥ አይገባም። በየወሩ ጥቂት ጥቂት አጠራቅሞ ሁለት ቀን ከቤተሰብ ጋር ማረፍ ግን ቅንጦት አይደለም። የሚያሳዝነው፣ አባት ብቻውን ወስኖ እናት ድስቷንና ከሰሏን ተሸክማ የምትሄድበት ጉዞ ነው። እሷ ማጀቷን ቀየረች እንጂ አላረፈችም። ስለዚህ ዕቅዱ በምክክር ይጀመር፤ «ወዴት እንሂድ?» ከማለታችን በፊት «ማን ይረፍ?» እንበል።

ጊዜው፦ ክረምት ትምህርት ቢዘጋም ዝናብ ይበዛል። በሁለቱ መንፈቀ ዓመታት መካከል ያለው የበጋ ዕረፍት ይሻላል።

ምግቡ፦ በጉዞ ላይ ሙስሊም ቤተሰብን የሚያሳስበው ሥጋ ነው። ዓሣ ግን ማረድ አያሻውም። የጣና ቆሮሶ ተጠብሶ ሲቀርብ የሐላል ጥያቄም ይቀላል፣ እናትም ከምድጃ ትገላገላለች።

መድረሻው፦ እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ባሉ ገዳማት ሴት አትገባም፤ ሥርዓታቸውን ማክበር ይገባናል። ቤተሰብ ሳይለያይ በጀልባ ወደ ዘጌ ቢሄድ የቡናውን ደን አብሮ ያያል። ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ መሳፈር፣ ለልጆች የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩንም ሳያዩ አለመሳፈር ነው።

ውኃው፦ ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ይህ ነው። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። በቀንድ አውጣ ውስጥ ያደገው ትል ጥልቀት በሌለውና ሣር በበዛበት ውኃ ውስጥ ይቆይና በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። ልጆች እግራቸውን ነክረው ቢጫወቱ እንኳ ሊያዙ ይችላሉ። መድኃኒት ቢኖረውም ሳይያዙ መጠንቀቅ ይሻላል። ስለዚህ ሐይቁን ከጀልባና ከዳር ሆነን እንየው፤ መዋኘት የፈለገ በንጹሕ የመዋኛ ገንዳ ይዋኝ።

መንገዱ፦ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ከተባባሰ ወዲህ ጉዞ እንደ ቀድሞው አይደለም። ከመነሣት በፊት ከዚያው መንገድ የመጣ ሰው ይጠየቅ። ሥጋት ካለ ጉዞው ይቆይ፤ የተጠራቀመው ገንዘብ የትም አይሄድም። እስከዚያው እናት በቤቷ ሁለት ቀን ትረፍ፤ ምድጃውን አባትና ልጆች ይያዙት።

መንገድ ለተከፈተለት መንገደኛም አላህ ሶላቱን አቅልሎለታል፤ ባለአራት ረከዓው በሁለት ይሰገዳል። እኛም ለቤተሰባችን እናቅልል።

አላህ ሰላሙን ያምጣልን። አሚን።