ስለ ጅቡ ተረትና ስለ ጠይቡ ክብር

በደሴ ብርዱ ሲበረታ፥ ከምድጃ ዙሪያ ተሰብስቦ ተረት መስማት የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ግን ከምድጃው ይልቅ ቴሌቪዥኑ ልጆችን ይሰበስባል፤ ከውጭ አገር የሚመጣውንም የምናብ ታሪክ ያሳያቸዋል። ስለዚህ ወላጆች ሊያስቡበት የሚገባውን አንድ ነገር በዚህ ዐምድ ልንናገር ወደድን።

በአሜሪካ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2004 የታየው «ኤንጀል» የተባለው ድርሰት፥ ብዙ ሰው የፈጀ አንድ ደም መጣጭ ነፍሱ ከተመለሰችለት በኋላ፥ ሰውን በመርዳት በደሉን ሊክስ ሲደክም ያሳያል። ለክፉ ሰውም ንስሓ እንደማይከለከል ያስተምራልና መልካም ነው።

ነገር ግን ይህን ምሳሌ ወደ አገራችን ስናመጣው መጠንቀቅ ይገባናል። በእኛም ዘንድ ሰው አውሬ ይሆናል የሚል ተረት አለ። ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እያሉ፥ በማረሻውና በድስቱ ግን እየተጠቀሙ፥ ከጋብቻ አራቋቸው። ደም መጣጩ በድርሰቱ ውስጥ በእርግጥ ገድሏል፤ ጠይቡ ግን ማንን በላ? ስለዚህ «ደግነቱን ያስመስክርና እንደ ሰው እንቍጠረው» ማለት፥ ንጹሑን ሰው ንስሓ ግባ እንደ ማለት ነው። ንስሓው የሚገባው ለተሳዳቢው ነው።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ይህን ተመልክተው፥ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ፥ ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለሙያ መስደብን ከለከሉ። ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን አስታውሰው፥ እንዲታረም ያዘዙት ሠራተኛውን ሳይሆን ሰዳቢውን ነው።

ከደሴ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻን ያየ ሰው፥ የዚህን ምክር ጥቅም ይረዳል። በዚያ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተተክለዋል፤ በ2009 ዓ.ም.ም የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ከተማይቱን ያስጠራት፥ የቀድሞው ሰው ሸማኔውንና ጠይቡን የሰደበበት ሥራ ነው። እንግዲህ ልጁ ፋብሪካ በመቀጠሩ ደስ ብሎት ድግስ የሚደግስ አባት፥ ያው ልጅ የጠይብ ልጅ ላግባ ሲል ዘር የሚቈጥር ከሆነ፥ ዐዋጁ ገና ከቤቱ አልደረሰም ማለት ነው።

ስለዚህ ልጆቻችን ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው «አውሬው ሰው ይሆናልን?» ብለው ሲጠይቁን፥ ስለ ጠይቡም እንንገራቸው፤ እርሱ ከመጀመሪያው ሰው እንደ ነበረ አይተው ይደጉ።