ጅብ ከሄደ የሚጮኽ ቀመር

በዋግ ኽምራ፣ የደሃና ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአምደወርቅ ዙሪያ ለሚያርስ ገበሬ የክረምቱ ጥያቄ «ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ?» አይደለም። «መቼ ገባ? መቼ ወጣ?» ነው። ሐምሌን ሙሉ ሲያወርደው የከረመ ዝናብ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቀጥ ካለ ማሽላው ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል። የዓመቱ ድምር በወረቀት ላይ «መደበኛ» ሊባል ይችላል። ጎተራው ግን ባዶ ነው።

ይህን የገበሬ እውቀት ወደ ሒሳብ የለወጠ ቀመር አለ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ያዳበረው ይህ ስሌት የመኸሩን ወቅት በአስር በአስር ቀን ይከፋፍለዋል። በእያንዳንዱ አስር ቀን ሰብሉ ስንት ውሃ እንደሚፈልግ፣ ስንት እንደዘነበና አፈሩ ካለፈው ስንት እንዳቆየ ያሰላል። ለምሳሌ ሰብሉ 45 ሚሊ ሜትር ሲፈልግ 20 ቢዘንብና አፈሩ 15 ይዞ ቢቆይ፣ 10 ጎደለ ማለት ነው። ጉድለቱ እየተደመረ ሄዶ፣ በጠቅላላው 400 ከሚፈልገው ላይ 100 ከጎደለ ሰብሉ ያገኘው 75 በመቶውን ነው። ከ50 በመቶ በታች ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ ሰብሉ እንደጠፋ ይቆጠራል።

ቀመሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት ከዓለም ምግብ ፕሮግራምና ከዓለም ባንክ ጋር ሆኖ «ሊፕ» የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራ ላይ አውሏል። ፕሮግራሙ የዝናብ መረጃ ተቀብሎ የሰብሉን ጉዳት፣ እርዳታ የሚያስፈልገውን ሰው ብዛትና ወጪውን ይገምታል። ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?

ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ነው። በ1976 ዓ.ም. መጋቢት ወር የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጡንና 900 ሺህ ቶን እህል እንደሚያስፈልግ ለለጋሾች አስታውቆ ነበር። የመንግሥት ዓይን ግን በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ ነበር። ለጋሾችም አመነቱ። ዓለም የደነገጠው በ1977 ጥቅምት የኮረም መጠለያ በቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ሰባት ወር አለፈ። ወሎ ያን ሁሉ ሰው የቀበረው ቁጥር ጠፍቶ አልነበረም። ቁጥሩን ሰምቶ ለመነሣት የተገደደ ሰው ስላልነበረ ነው። አባቶች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ይህን ነው።

ቁጥርን ከግዴታ ጋር ያሰረ ሙከራም በዚሁ አገር ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ምግብ ፕሮግራም አክሳ ሪ ከተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ጋር የድርቅ ኢንሹራንስ ውል ገባ። አረቦኑ 930 ሺህ ዶላር ያህል ነበር። በ26 የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች የተለካው ዝናብ በቀመር ተሰልቶ ውጤቱ ከተወሰነው ልክ ካለፈ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ይከፈላል። ልመና የለም፤ «እስኪ እናጣራ» እያሉ ወራት መግፋትም የለም። በዚያ ዓመት ዝናቡ ደግ ሆነና ክፍያ አላስፈለገም። «ገንዘቡ ባከነ» የሚል ይኖራል። ዋናው ቁም ነገር ግን ገንዘቡ አይደለም። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚያደርግ ድርቁ ሳይመጣ መጻፉ ነው።

እርግጥ ነው፣ ቀመር ይሳሳታል። የዋግ ምድር ከደጋው ተራራ እስከ ተከዜ ሸለቆ ድረስ ገደል የበዛበት ነው። አንዱን ሸንተረር ዞር ሲሉ ዝናቡ ይለያያል። ሳተላይት በበኩሉ ብዙ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን መሬት ባንድ ቁጥር ያጠቃልለዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ስሌቱ የውሃ ስሌት ብቻ ነው። በጦርነት የተሸጠውን በሬ፣ የተዘጋውን መንገድ፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ ሰቆጣ የተጠለለውን ቤተሰብ አይቆጥርም። ቀመሩ «ደህና ነው» ያለው ቀበሌ ውስጥ ሰው ሊራብ ይችላል።

መፍትሔው ግን ቀመሩን መጣል አይደለም። ቀመሩን ከገበሬው ጋር ማገናኘት ነው። ዝናብ መለኪያ በየቀበሌው ማቆም ትልቅ ወጪ አይጠይቅም፤ መዝግቦ የሚይዝ የልማት ሠራተኛም አለ። ቁጥሩ ከማሳው ጋር ሲጋጭ ቀበሌው «ተሳስታችኋል» ብሎ የሚከራከርበት መንገድ ይኑር።

ከሁሉም በፊት ግን ልኩ በግንቦት ይነገር። ቁጥሩ ስንት ሲሆን ስንት ኩንታል፣ ከየትኛው መጋዘን፣ በስንት ቀን ውስጥ አምደወርቅ እንደሚደርስ ክረምቱ ሳይገባ በይፋ ይለጠፍ። በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም ቃል ገብቷል። ዝናቡ ቀድሞ በወጣ ዓመት እህሉ በመጋቢት የሚደርስ ከሆነ ግን ያ ቃል ከወረቀት አያልፍም። ሕፃን መጋቢትን አይጠብቅም።

በመስከረም የታወቀ ረሃብ በመጋቢት «ድንገተኛ አደጋ» ሊባል አይገባም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል ቅጠሉን የሚይዘው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልታወቀ ተረት ሆኖ ይቀራል።