ስሙን የተነጠቀ ሰንጢ

ላጊዮል በደቡብ ፈረንሳይ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። ዓለም የሚያውቃት በሰንጢዋ ነው።

ደህና ላጊዮል ሰንጢ ሲሠራ አንድ ባለሙያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይይዘዋል። እጀታውን ከቀንድ ወይም ከእንጨት ይቀርጻል፤ የጀርባውን ሞላ በሞረድ ያስጌጣል፤ ጫፉ ላይ ንብ ያወጣል። እጀታው ላይ በጥቃቅን ሚስማር የተሠራ መስቀል አለ። እረኞች ሰንጢውን ዳቦ ላይ ሰክተው ወደ መስቀሉ ይጸልዩ ነበር ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1993 ግን ከመንደሯ ያልሆነ ነጋዴ «ላጊዮል» የሚለውን ስም በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ። በእስያ ፋብሪካዎች የተመረቱ ርካሽ ቢላዎች በዚሁ ስም ገበያ ገቡ። በ2012 መንደሯ ፍርድ ቤት ስትረታ ነዋሪዎቹ ተቆጥተው የመግቢያዋን የስም ሰሌዳ አወረዱት።

እርግጥ ቲየር የተባለችው ሌላዋ የፈረንሳይ ከተማም ይህን ሰንጢ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርታዋለች። ስለዚህ ስሙ የአንድ መንደር ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። ርካሽ ቢላ መሸጥም ነውር አይደለም። ነውሩ የሌላውን ስም ለጥፎ መሸጡ ነው። ገዢው የባለሙያ ድካም የገዛ ይመስለዋል፤ እውነተኛው ባለሙያ ደግሞ «ለምን አስወደድክ?» ይባላል።

ኢትዮጵያም ይህን ታውቀዋለች። ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ስትነሣ ከስታርባክስ ጋር ተወዛግባ የተስማማችው በ2007 ነው። ቡናው ቢያንስ ተከራካሪ መንግሥት ነበረው። የሸማኔው፣ የሸክላ ሠሪዋና የአንጥረኛው ሥራስ? ሙያ በእጅ ይኖራል፤ እንጀራ የሚሆነው ግን በስም ነው። ስሙን ሌላ ሳይቀድም ማስመዝገብ ይገባል።