ብስክሌትና የወንዝ ዳር መንገድ

ባለፈው እሑድ ጧት በከተማችን ካሉት ድልድዮች በአንዱ አጠገብ ቆመን ሳለ አንዲት ወጣት ብስክሌት ስትለማመድ ተመለከትን። ከአለባበሷና ከአነጋገሯ እንደ ገመትነው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት። ኮርቻውን ከኋላ ይዞ የሚሮጠው ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ነው። «እትዬ፣ ጎማውን አትዪው፤ ወደ ፊት ተመልከቺ!» ይላታል። እርሷ ግን ልቧም ጆሮዋም ከኋላዋ ነበር፤ የሚኒባስ ጥሩምባ በተሰማ ቁጥር ፍሬኑን ጨምቃ ትወርዳለች። የሚለማመዱበት መሥመር ለብስክሌት ተብሎ ከመኪናው መንገድ የተለየ ቢሆንም፣ ዕቃ የሚያደርስ አንድ ሞተር ብስክሌት በዚያው መሥመር ገብቶ ከአጠገባቸው ውልብ ብሎ አለፈ። በዚህን ጊዜ ወጣቷ «በቃኝ ወንድምዬ፣ ሰው ሳልጎዳ ወደ ቤታችን እንግባ» አለችና ብስክሌቱን እየገፉ ሄዱ።

እኛም በድልድዩ ደገፍ ላይ ተደግፈን ወደ ታች ተመለከትን። ከሥራችን ወንዙ ይወርዳል። በዳርቻው አዲስ የተነጠፈ መንገድ አለ፤ መኪና የለበትም፣ ጥሩምባም አይሰማበትም። ነገር ግን መንገዱ ከድልድዩ ግንብ ሲደርስ ቆመ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ አይደለምን?

አዲስ አበባ የብስክሌት ከተማ አይደለችም የሚል አነጋገር ከብዙ ሰው አፍ ይሰማል። «ዳገት ነው፤ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ስለሆኑ ነው» ይባላል። አነጋገሩ ሐሰት ነው ለማለት አንደፍርም። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከተማው ወደ ደቡብ አቃቂ ሲደርስ ወደ 2,100 ሜትር ግድም ይወርዳል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለመሻገር የሞከረ ሰው ደግሞ አንዱን ሸለቆ ወርዶ ሌላውን ጉብታ ሲወጣ ጉልበቱ ይመሰክርለታል። ሆኖም በዚህ ሁሉ ጉብታ መካከል ያለ መሐንዲስ የተጠረገ መንገድ መኖሩን እንዘነጋለን። ውኃ ዳገት አይወጣም። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ሌሎቹም ወንዞቻችን ከእንጦጦ ተነሥተው ወደ አቃቂ ሲወርዱ በአካባቢው ዝቅ ያለውንና ለሚሄድበት የሚቀናውን መሥመር መርጠው ነው የሚሄዱት። ከላይ ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ቁልቁለት ለጠንካራ ጉልበት ካልሆነ በቀር የሚሞከር አይደለም፤ ከዚያ በታች ግን ተዳፋቱ እየለዘበ ይሄዳል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። ወንዝ የመኪና መንገድ ሲያጋጥመው ከሥሩ ያልፋል። መብራት አይጠብቅም፣ ዜብራ አይሻገርም። በወንዙ ዳር የተሠራ መንገድም ከወንዙ ጋር አብሮ በድልድዩ ሥር እንዲያልፍ ከተደረገ፣ ሕፃን ልጅ እንኳ አስፋልት ሳይረግጥ ከሰፈር ሰፈር ብስክሌት ሊነዳ ይችላል። በድልድዩ ግንብ ላይ ከቆመ ግን ነጂው ብስክሌቱን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል፣ ከነጭራሹም ከሚፈራው የመኪና ጎርፍ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጠቅላላው ነገር ያለው ከድልድዩ ሥር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህን የምንለው ከሐሳብ ብቻ ተነሥተን አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ ሮክ ክሪክ የሚባል ትንሽ ወንዝ አለ። የአሜሪካ ሸንጎ እ.ኤ.አ. በ1890 በሕግ ፓርክ አድርጎ የከለለው ሲሆን፣ በሸለቆው ውስጥ ለእግረኛና ለብስክሌት የተሠራው መንገድ በትልልቆቹ ድልድዮች ሥር እያለፈ ይሄዳል። በአንደኛው ድልድይ በላይ በኩል አዳምስ ሞርጋን የሚባለው፣ የእኛ ሰዎች እንጀራና ወጥ የሚሸጡባቸውን ምግብ ቤቶች ያቋቋሙበት ሰፈር ይገኛል። ከላይ ከተማው ይጮኻል፤ ከታች ወንዙ ብቻ ነው። በዚያው ፓርክ ውስጥ ያለው ቢች ድራይቭ የተባለው የመኪና መንገድ በከፊል ከ1966 ጀምሮ በየእሑዱ ለመኪና ይዘጋ ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በ2020 በሁሉም ቀን ተዘጋ፤ በ2022 ደግሞ የላይኛው ክፍል ለዘለቄታው ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲሆን ተወሰነ። እንግዲህ ከእሑድ ቀን ተነሥቶ እዚህ ለመድረስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው።

እሑድን ካነሣን ዘንድ፣ በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» በሚል ስም መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ሕዝቡ በእግሩና በብስክሌቱ ሲንሸራሸር የታየውን ደስታ እኛም አንረሳውም። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ይህንኑ ልማድ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1974 ነው፤ ዛሬ በየእሑዱና በየበዓሉ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ከ120 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ለሕዝቡ ትለቃለች። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የተዘጋ መንገድ በሰዓቱ ተመልሶ ይከፈታል፤ የወንዝ ዳር መንገድ ግን ማክሰኞ ማታ ከሥራ በኋላም በቦታው አለ።

በከተማችን የወንዝ ዳርቻዎችን የማልማት ሥራ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ሲጀመር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ርዝመት እንደሚኖረው ተነግሮ ነበር። ከዚያም የወዳጅነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ተከፈቱ። በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መካከል ብስክሌት ነድቶ የተመለሰ ሰው ምን ዓይነት ደስታ እንደሆነ ያውቀዋል፤ እኛም ሞክረን ለሁለት ቀን ደረጃ መውረድ አቅቶን ነበር። ነገር ግን ወደዚያ የደረስነው በመኪና ተጭነን ነው። ለመንሸራሸር መኪና የሚያስፈልገው ብስክሌት፣ መኪና ላለው ሰው ብቻ የተሠራ ይሆናል።

ለዚሁ ሥራ ሲባል በወንዞቹ ዳር ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ከቦታቸው ተነሥተዋል። መሬቱ የተገኘው በዚህ ዋጋ ስለሆነ፣ አንዱ ቁራጭ ለሠርግ ፎቶግራፍ፣ አንዱ ቁራጭ ለቡና መጠጫ ተለይቶ በአጥር ቢከፋፈል ሐዘኑ ድርብ ይሆናል። አንድ ቀን ከጓደኞቻችን ጋር ብስክሌት ይዘን ወደ አንድ መናፈሻ ብንሄድ ሽማግሌው ዘበኛ በትሕትና «ልጆቼ፣ ብስክሌቱን እዚህ አቁሙት፤ ታዘን ነው» አሉን። እርሳቸው ምን ያድርጉ! ትእዛዙን የጻፈው ሰው ግን ብስክሌት ነድቶ የሚያውቅ አይመስለንም። ነጂው እግረኛ እንዳይገጭ ከሆነ የተፈራው፣ ደወል የሌለው አይግባ፣ ሰው በበዛበት ሥፍራ ወርዶ ይግፋ ማለት ይቻላል።

ውኃውም መረሳት የለበትም። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ከተራማጅ ይልቅ ዐየር በብዛት ስለሚስብ፣ ከፋብሪካና ከመጸዳጃ ቤት በሚለቀቅ ቆሻሻ የሚሸት ወንዝ ዳር ማንም ሁለተኛ አይመለስም። ዳርቻው በድንጋይ አምሮ ውኃው እንደ ጠቆረ ቢቀር የተነጠፈው ድንጋይ ምን ይረባናል? ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ወንዙ ድልድዩ ሥር ያለውን መንገድ የሚያጥለቀልቅበት ቀን አይጠፋም። ታዲያ በዚያን ቀን መንገዱን ዘግቶ፣ ጎርፉ ሲያልፍ ደለሉን መጥረግ እንጂ፣ «ይጥለቀለቃል» ብሎ ጨርሶ አለመሥራት ተገቢ አይሆንም።

ለኪራዩም ቢሆን አስቸጋሪ ነገር አይታየንም። ድሮም በየሰፈሩ ሜዳ ልጆች ሳንቲም አዋጥተው ብስክሌት በሰዓት ይከራዩ ነበር፤ ብዙዎቻችን ሚዛን መጠበቅን የተማርነው ካቴናው በየሰባ እርምጃው በሚወልቅ ብስክሌት ነው። አንድ ተማሪ ወይም በቅርቡ የተቀጠረ ሠራተኛ በደመወዙ አዲስ ብስክሌት ልግዛ ቢል የማይሞከር ነው። በየመግቢያው ለሰፈሩ ወጣቶች ማከራያና ጎማ መለጠፊያ አንድ አንድ ጠባብ ቦታ ቢሰጣቸው እነርሱም እንጀራ ያገኛሉ፣ ዋጋውም ለተርታው ሰው ይቀርባል።

አገራችን እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል የላከቻቸው ሯጮችንና ብስክሌት ነጂዎችን ነበር። ሯጮቹ እስከ ዛሬ ስማችንን ያስጠራሉ። መሮጫ ሜዳና ጋራ አላጡምና። ብስክሌቱ ግን በዋና ከተማችን መለማመጃ አጥቶ፣ እነሆ የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት ሴት ከታናሽ ወንድሟ ጋር እየገፋችው ትሄዳለች።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ወጣት ሠራተኞች መካከል የመንገድና የመናፈሻ ፕላን በጠረጴዛቸው ላይ የሚያልፍ አይጠፉም። ባለ ቀለሙ ሥዕል አረንጓዴ ዛፍና ሰማያዊ ውኃ አሳምሮ ያሳያል። እባካችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ቀጭኗን የመንገድ መሥመር በጣታችሁ ተከተሏትና ድልድዩ ጋ ስትደርስ በሥሩ ታልፍ እንደሆነ ተመልከቱ። ግንቡ ከተሠራ በኋላ ይህን ማስተካከል ከባድ ነው።