ዳገት ላይ የሚለካ ትንፋሽ

ከአንበሳሜ ገጠርም ሆነ ከጉና ሥር ትንፋሽ እያጠራት የመጣች እናት ደብረ ታቦር ጤና ጣቢያ ስትደርስ መጀመሪያ የምታገኘው አግዳሚ ወንበር ነው። ካርድ ወጥቶላት ተራዋ እስኪደርስ እዚያ ታርፋለች። ስትገባ የኦክስጅን መለኪያው ጣቷ ላይ ይደረግና 92 ያሳያል። «ለደጋ ደህና ነው» ይባላል። እሷ ግን «ጀሪካን ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ነው የሚያፍነኝ» እያለች ነው። ስሞታዋ ስለ ዳገት፣ የተለካችው ግን ተቀምጣ።

በደጋ አገር የታመመ ሳንባ ተቀምጦ ብቻ መለካት የለበትም ብዬ አምናለሁ። ሰውየው ተነሥቶ መራመድ፣ መለኪያውም አብሮት መሄድ አለበት።

ምክንያቱ ከአየሩ ይጀምራል። ደብረ ታቦር በ2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በባሕር ወለል 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት እዚያ ወደ 550 ይወርዳል። የኦክስጅኑ ድርሻ ያው 21 በመቶ ቢሆንም፣ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን ግፊት ከ150 ወደ 105 ገደማ ዝቅ ይላል። ሄሞግሎቢን ኦክስጅን የሚይዝበት ሁኔታ ደግሞ አምባን ይመስላል፤ አናቱ ሜዳ፣ ጠርዙ ገደል። ቆላ ያለ በሽተኛ የቆመው መሐል ሜዳው ላይ ስለሆነ የሳንባው አቅም ጥቂት ቢቀንስም ቁጥሩ እምብዛም አይነቃነቅም። የደብረ ታቦሩ በሽተኛ ግን ጠርዙ አጠገብ ነው፤ ያችው ጥቂት ጉድለት ቁልቁል ትወስደዋለች።

በዚህ ላይ እንቅስቃሴው ይጨመራል። ያረፈ ሰው ቀይ የደም ሕዋስ ከአየር ከረጢቶቹ ጎን ሲያልፍ ሦስት አራተኛ ሰከንድ ያህል ይቆያል። ጠንከር ያለ ሥራ ሲሆን ልብ ደሙን ስለምታጣድፈው ጊዜው እስከ ሩብ ሰከንድ ሊያጥር ይችላል። በባሕር ወለል ላለ ጤነኛ ሳንባ ሩብ ሰከንድም ይበቃዋል። ከፍታው ኦክስጅኑን የሚገፋውን ኃይል ሲቀንስ፣ ጠባሳው ወይም አክታው ደግሞ መንገዱን ሲዘጋ ግን አይበቃም። ደሙ ኦክስጅኑን ሳይሞላ ያልፋል።

ይህን በደንብ ካስተማሩን በሽታዎች አንዱ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ነው። ከወላጆች የሚወረስ በሽታ ሲሆን፣ ዘረ መሉ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ጨውና ውሃ በሕዋሳት ግድግዳ በኩል የሚያልፉበት በር ስለሚበላሽ የሳንባ ንፍጥ ይወፍራል፣ ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎችን ይደፍናል፣ ኢንፌክሽን ይመላለሳል። ደም እየደረሳቸው አየር የማይደርሳቸው የሳንባ ክፍሎች ይፈጠራሉ። ታማሚው አየር በኃይል የማውጣት አቅሙ ከሚጠበቀው ከግማሽ በላይ እስከሆነ ድረስ እየሮጠም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ኦክስጅኑ አይወርድም፤ በብዛት በማስተንፈስ ያካክሳል። ከግማሽ በታች ሲወርድ የብዙዎቹ ኦክስጅን ተቀምጠው ደህና ሆኖ ሲንቀሳቀሱ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመና 109 ታማሚዎችን የተከታተለ ጥናት ከዚህም ያለፈ ነገር አሳይቷል። በእንቅስቃሴ ፈተና የተሻለ አቅም ካሳዩት መካከል ከስምንት ዓመት በኋላ 83 በመቶው በሕይወት ሲገኙ፣ ዝቅተኛ አቅም ካሳዩት ግን 28 በመቶው ብቻ ነበሩ።

በእኛ አገር ይህ በሽታ ስሙም እምብዛም አይነሣም። ደረቱ በየጊዜው የሚታመምና ክብደት አልጨምር ያለ ሕፃን የላብ ጨው ምርመራ ካላገኘ በሽታው ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል። ደቡብ ጎንደር ውስጥ በብዛት የምናውቀው ሌላውን የሳንባ ጉዳት ነው፦ ቲቢው ድኖ የቀረ ጠባሳ፣ ሰፍቶ አክታ የሚያቁር የአየር ቧንቧ፣ በእንጨትና በኩበት ጭስ ሲታጠን የኖረ ደረት። መነሻቸው ይለያይ እንጂ እንቅስቃሴ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ከሲስቲክ ፋይብሮሲሱ ጋር ይቀራረባል።

«ደገኛ ለከፍታው የተፈጠረ ነው» የሚል መልስ ሊመጣ እንደሚችል አውቃለሁ፤ መሠረት የሌለውም አይደለም። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አምሃ ገብረመድህን ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ አምባራስ አካባቢ፣ በ3530 ሜትር የሚኖሩ አማሮች አማካይ የኦክስጅን መጠን 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ሄሞግሎቢናቸውም በባሕር ወለል ካሉ ሰዎች አልበለጠም። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢን ሲያበዙ፣ የቲቤት ሰዎች በዝቅተኛ ኦክስጅን ሲኖሩ፣ የእኛዎቹ በሁለቱም በኩል የቆላ ሰው መስለው መገኘታቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ነገር ግን ይህ የጤነኞች፣ ያውም የተቀመጡ ሰዎች ልኬት ነው። ደግሞስ በ3530 ሜትር ያለ ጤነኛ ሰው አማካዩ 95 ከሆነ፣ በ2700 ሜትር የተገኘን 92 «የከፍታው ነው» ብሎ ለማለፍ ምን ያስቸኩላል? ጥናቱ ቸል ለማለት ፈቃድ አይሰጥም፤ እንዲያውም ያችን እናት ደግመን እንድናያት ያስገድደናል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ኦክስጅን መስጫ ያስቀመጠው መስመር በአብዛኛው 90፣ ከ2500 ሜትር በላይ ደግሞ 87 በመቶ ነው። ይህ ኦክስጅን የሚሰጥበትን ጊዜ ይወስናል እንጂ ማን ዳገት መውጣት እንደሚችል አይነግረንም።

የእርምጃ ፈተናው ውድ አይደለም። 30 ሜትር የሚሆን ደልዳላ ኮሪደር ወይም ግቢ፣ ሰዓትና መለኪያው ይበቃሉ። በሽተኛው ስድስት ደቂቃ በራሱ ፍጥነት ይራመዳል፤ የተራመደው ርቀትና ቁጥሩ የወረደበት ዝቅተኛ ነጥብ ይጻፋል። ደረቱን ካመመው ወይም ካዞረው ወዲያው ይቁም። የሚያስል ከሆነ መጀመሪያ የአክታ ምርመራ ይደረግለት፣ እርምጃውም ደጅ ይሁን። በጠዋት ብርድ የቀዘቀዘ እጅ መሞቅ አለበት። ጥፍር ላይ ያለ እንሶስላ ብርሃኑን ሊያዛባ ስለሚችል ያልተቀባ ጣት ይፈለግ። መለኪያዎቹ በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርገው የማሳየት ዝንባሌ እንዳላቸውም እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ስለዚህ ለእኛ ሰው ዳር ላይ ያለ ቁጥር ሲታይ ወደ ጥርጣሬው ማዘንበል ይሻላል።

ውጤቱ ከንቱ ወረቀት አይሆንም። ቲቢዋ አልቋል ተብላ የተሸኘች ሴት እየተራመደች ወደ 84 ከወረደች፣ ሪፈር የሚጻፍላት በቂ ምክንያት ተገኘ። የሳንባ ስፔሻሊስት ጥቂት በሆነበት አገር ጎንደር፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ድረስ ገንዘብ ተበድሮ መሄድ ያለበት ማን እንደሆነ ለመለየት ይህ ቁጥር ይረዳል። እስከዚያውም ሥራዋን በልኳ እየከፋፈለች፣ ጭሱ ከማጀቷ እየቀነሰ፣ በየቀኑ ጥቂት እየተራመደች እንድትቆይ ይመከራል፤ «አርፈሽ ተቀመጪ» ማለት የቀረውንም ጡንቻ ያደክማል።

የሪፈር ወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፍ፦ ተቀምጣ ስንት፣ ተራምዳ ስንት፤ ከጎኑም ስንት ሜትር እንደሄደች።