ለኮረኮንች ያልታሰበ መኪና

አዲስ ነገር ጠልተን አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተር ዘይት ቅያሬ አይል፣ ካንዴላ አይል፤ ይህን እንደግፋለን። እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ካገደ ወዲህማ ምርጫውም ጠቧል።

የምንቃወመው አሠራሩን ነው። ባትሪው ከወለሉ ሥር ተነጥፎ፣ የመኪናው ሆድ መሬት ሊነካ ምን ቀረው? ከፍኖተ ሰላምም ሆነ ከቡሬ አስፋልቱን ለቅቆ ወደ ገጠር ቀበሌ ሲገባ ድንጋዩ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንኑ ውድ ዕቃ ነው። ማብሪያው ሁሉ ደግሞ ስክሪን ውስጥ ገብቷል! ኮረኮንች ላይ እየተንገጫገጨ ማን ጣቱን አነጣጥሮ ይነካል? በክረምት ዝናብ የመስታወት መጥረጊያ የሚፈልግ ሾፌር ዓይኑን ከመንገዱ ሊያነሳ ነው። ይህ የኛ የገጠሬዎች ብሶት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የአውሮፓው የመኪና ደህንነት መርማሪ ዩሮ ኤንካፕ እንኳ ከ2026 ጀምሮ ለጥሩንባ፣ ለፍሬቻና ለመጥረጊያ በእጅ የሚዳሰስ ማብሪያ ይኑር ብሏል።

የድሮው ፊያት ኤን ትሬ ጭሱም ጩኸቱም አይወደድም ነበር። ግን ሾፌሩና ረዳቱ መንገድ ዳር በመፍቻ ፈትተው ይገጥሙት ነበር። የዛሬው አንድ ሴንሰር ሲበላሽበት ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ካልተገኘ ንቅንቅ አይልም። ነገ ገጠር ስንመደብ የታመመ ተማሪ ጤና ጣቢያ የሚያደርስልን መኪና እንዲህ ያለው ከሆነ በቃሬዛ መሸከሙ ይሻላል። እዚሁ አገር የሚገጣጥሙት ሆዱን ከፍ ያድርጉልን፣ ማብሪያውንም ወደ ቦታው ይመልሱልን።